ወሬ ያልደረሰው ጥድ

በልጅነቴ እኛ ቤት አንድ ሽማግሌ ነበር። ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም፤ የሚኖረውም ጓሮ ውስጥ፣ በእንጨት ሳጥን ነበር። እናቴ ጠዋት ከማንም በፊት ሰላም የምትለው እሱን ነው። «እንዴት አደርክ ሽማግሌው?» ትለውና ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰክታ መልሱን ትጠብቃለች። አባቴ ሸሚዙን እየቆለፈ በመስኮት ያያትና፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ይላታል።

«አንተ መቼ አንድ ቦታ ቆመህ!» ትለዋለች።

ሽማግሌው መርፌ ጥድ ነበር። ሜዳ ላይ ቢተዉት ከቤት ጣሪያ በላይ የሚሄድ ዛፍ ነው። እናቴ ግን እንዲህ ዓይነቱን ዛፍ በሳጥንና በሸክላ ሳህን ታሳድጋለች። ሥሩን እየገረዘች፣ ቅርንጫፉን በመዳብ ሽቦ እየጠመዘዘች፣ ተራራ አናት ላይ ንፋስ ሲደበድበው የኖረ ዛፍ አስመስላ ታሳንሰዋለች። ባለሙያዎቹ ቦንሳይ ይሉታል። አባቴ ደግሞ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ቀራጭ ነበር። የሰፈራችን ሰው፣ «ባልየው የተቆለፈውን ይፈታል፣ ሚስትየዋ የተፈታውን ታስራለች» እያለ ይስቅባቸዋል። እነሱም አብረው ይስቃሉ።

የሽማግሌው ግንድ በአንድ ጎኑ ቅርፊቱ ተገፎ ነጭ፣ ደረቅ እንጨት ብቻ ነው። በሌላው ጎኑ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ቡናማ ቅርፊት ከሥሩ ተነስቶ እስከ አናቱ ይወጣል። «የሚኖረው በዚህች ብቻ ነው» ትለኛለች፣ ቅርፊቱን በጣቷ እየተከተለች። «ግማሹ ሞቷል፤ ግማሹ ግን አላመነም።» እኔ ይሄ ነገር በጣም ያስቀኝ ነበር።

ቅጠሉ ደግሞ ቅጠል አይምሰላችሁ፤ መርፌ ነው። ዝም ብለው ከዳሰሱት ይወጋል። የእናቴ ክንድ እስከ ክርኗ ድረስ በጥቃቅን ቀያይ ነጥቦች የተሞላ ነበር። አዲሱ ቡቃያ ብቻ ነው ለስላሳ የሚሆነው፣ እሱም ለጥቂት ሳምንት። ያኔ በመቀስ ሳይሆን በጣት ይቆነጠጣል፤ መቀስ ከነካው ጫፉ ይቃጠላል። የእኔ ጣት ትንሽ ስለሆነ ውስጥ ለውስጥ ያለውን የምቆነጥጠው እኔ ነኝ። «ቀስ! የሕፃን ጉንጭ ነው ብለሽ አስቢው» ትለኛለች። ስታቆላምጠኝ «ሚጢጢ» ነበር የምትለኝ። «አንቺንም በሳህን ነው ያሳደግኩሽ» ስትለኝ እውነት እየመሰለኝ ሳህኔ የት እንዳለ የፈለግኩበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ዛፍ እንዴት ነው ትንሽ ሆኖ የሚቀረው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሥሩን እየቀነስሽ፣ ምግቡን እየመጠንሽ» አለችኝ።

ስለዚህ እናቴ መክሳት ስትጀምር እኔ ሚስጥሩን ያወቅኩ መሰለኝ። እራት ላይ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ብዪልኝ ሚጢጢ፣ እኔ ጠገብኩ» ትላለች። ቀሚሶቿ ትከሻዋ ላይ ሰፉ። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሲያስቸግራት በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔ ጎን ለጎን ሆኜ አያታለሁ፤ ራሷን ማሳነስ ጀምራለች አልኩ። ለክፍል ጓደኛዬም በኩራት አፌን ሞልቼ፣ «እናቴ እንደ ዛፎቿ ልትሆን ነው» ብዬ ነገርኳት። ጓደኛዬ ቅናት ያዛት።

ማንም አላረመኝም። ማንም ምንም ስላልነገረኝ የሚያርመው ስህተት መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ በየጊዜው እየመጣች ከእናቴ ጋር መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ጆሮዬን ቀስሬ ብጠብቅም የሚሰማኝ የመድኃኒት ስምና «እንግዲህ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ትልልቅ ሰዎች «እንግዲህ» ብለው ዝም ሲሉ ወሬው አለቀ ማለት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ወሬው የሚጀምረው እዚያ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሙቀቱ በጣም ከባድ በነበረበት ሰሞን ጋሽ ሸክላ መጡ። እናቴ ለዛፎቿ ሳህን የምታሠራው እሳቸው ዘንድ ነው። ክንዳቸው የምድጃ ጠባሳ የሞላበት፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። በአሮጌ ብርድ ልብስ የጠቀለሉትን ጓሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ፈቱት። ጠፍጣፋ፣ ሞላላ፣ ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ቀለም ያለው ሳህን ነበር። እናቴ ከዳር እስከ ዳር በመዳፏ ዳሰሰችው።

«እጅዎን ይባርከው ጋሼ።»

«አሜን። ማማሩንስ አምሯል» አሉ ጋሽ ሸክላ። «ግን አሁን አይሆንም። ሥር የሚነካው ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ቡቃያው ሳይነቃ ነው። መቼም ይሄን ላንቺ አልነግርሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ከዚህ ጥልቅ ሳጥን ወደዚህ ስስ ሳህን በአንዴ! ሥሩን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ነው እንጂ...»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ሳህኑ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ብርዱ እስኪወጣ ምን አለበት?»

እናቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከዚያ፣ «እስከዚያ ማን ይጠብቃል?» አለቻቸው፣ ፈገግ ብላ።

አባቴ የጓሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሱቁን ትቶ በዚያ ሰዓት ቤት መገኘቱ ገርሞኛል። «ተይው እባክሽ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ስንት ዘመን የለፋሽበትን ዛፍ ዛሬ በገዛ እጅሽ ልትገድይው ነው?»

«ላየው ነው የምፈልገው» አለችው። «ሳጥን ውስጥ ሳይሆን፣ እንዳሰብኩት ሆኖ አንዴ ልየው። አንዴ ብቻ።»

እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ እናቴ አዲስ ሳህን አይታ አላስችል ብሏታል። እኔ ሽቦ ስጠመዝዝ በቸኮልኩ ቁጥር «ትዕግሥት!» እያለች የምትቆጣኝ ሰው ራሷ ትዕግሥት አጣች። አባቴ የተቆጣውም ስለዚህ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ሁሉ የጋሽ ሸክላ ነው፤ ሳህኑን በማይሆን ጊዜ ይዘው ባይመጡ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰውዬውን በዓይኔ ማየት ጠላሁ።

ካደግኩ በኋላ፣ እሳቸውም ምድጃቸውን ካጠፉ በኋላ ነው እውነቱን የነገሩኝ። ሳህኑ ገና ለከርሞ የታዘዘ ነበር። እናቴ ከሐኪም ቤት ወጥታ ቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄዳ፣ «ያፍጥኑልኝ» አለቻቸው። ያንን ትልቅ ምድጃ ለአንድ ሳህን ብቻ ብለው አነደዱት። በዕድሜያቸው እንዲህ አድርገው አያውቁም። ይዘውት ሲመጡም መንገዱን ሁሉ ሐሳቧን እንድትቀይር ሲመኙ ነበር። ዛፉ አሳዝኗቸው መስሎኝ ነበር። «የለም» አሉኝ፣ «ዛፉን ከነካችው ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው ብዬ ነው።»

ሥራው የተጀመረው ሳህኑ እንደመጣ፣ ያኑ ቀን ነው። ሳጥኑን በጎኑ አጋድመው ሦስቱም ሲጎትቱ ሥሩ እንደ ተጠቀለለ ጨርቅ ሆኖ ወጣ። የእርጥብ አፈርና የጥድ ሽታ ጓሮውን ሞላው። እናቴ በቀጭን እንጨት አፈሩን ከሥሩ እያበጠረች አወረደችው፣ ከዚያ መጋዝ አንስታ የሥሩን ታችኛውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ቆረጠችው። ስትቆርጥ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትቆማለች፤ እንደገና ትቀጥላለች። አባቴ መጋዙን ሊቀበላት ቢሞክር ከለከለችው። የወደቀው ሥር ብዛት አስደነገጠኝ። ከቀረው ይልቅ የወደቀው በዛ።

«ሚጢጢ» አለችኝ ቀና ብላ። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ነበር። «ዛሬ የማደርገውን እንዳትማሪው እሺ? እንዲህ አይደረግም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ታደርጊዋለሽ?»

«ስለቸኮልኩ።»

«የት ልትሄጂ?»

አባቴ ለሽቦው የያዘውን ፒንሳ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወደ ቤት ገባ። ጋሽ ሸክላ ጠጠሩን በወንፊት መንፋት ያዙ፤ የተነፋውን መልሰው ይነፉታል። እናቴ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ «እስቲ ውሃ አምጪልኝ» አለችኝ። ጥያቄዬን የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ሲያልቅ ግን ምን ልበላችሁ! ሽማግሌው በዚያ ደመና ቀለም ሳህን ላይ ሲቆም ሌላ ዛፍ ሆነ። ነጩ ጎኑ ወደ ብርሃን ዞሯል፤ ቅርንጫፎቹ ወደ አንድ ወገን አጋድለዋል፤ ከእግሩ ሥር ሰፊ ሜዳ የተዘረጋ ይመስላል። እናቴ ወንበር አምጡልኝ አለች። በዚያ ሙቀት የአባቴን ኮት ደርባ እስኪመሽ ድረስ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔ ሌሎቹን ዛፎች ሳታጠጣ መዋሏ ስንፍና መስሎኝ ራሴ አጠጣኋቸው።

«አለቀ አሁን?» አልኳት፣ ሥራዬን ጨርሼ ጉልበቷ ሥር ቁጭ ስል።

«አለቀ። ከዚህ በላይ የምጨምርበት የለኝም።»

«ይተርፋል ግን?»

ፀጉሬን ዳበሰችኝ። የመርፌ ጥድ ሙጫ ጣቷ ላይ ስለነበር ፀጉሬን እየያዘ አሳመመኝ፤ ግን ራሴን አላሸሸሁም። «ብርዱ ወጥቶ አዲስ መርፌ ካወጣ ያዘ ማለት ነው» አለችኝ። «አንቺ ታይውና ትነግሪኛለሽ።»

«እነግርሻለሁ» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ሆስፒታል ገባች። አክስቴ ልብሷን በሻንጣ ስታደርግ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታስቀን ነበር። «መርፌ እንኳን አያስፈራኝም» አለች ክንዷን እያሳየችን፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ስወጋ ነው የኖርኩት።» አክስቴ እየሳቀች ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆየች። እኔን ደግሞ እሷ ቤት ወሰዱኝ። «ለትንሽ ቀን ነው» አሉኝ። እዚያ የምወዳቸው የአክስቴ ልጆች ስለነበሩ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። እናቴ የተቀበረችው እኔ አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ገመድ ስዘልል ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል። የእናቴ ነጠላ ጫማ ከበሩ ሥር የለም። አባቴ ጺሙን አልተላጨም። አክስቴ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ጎረቤቶች አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፤ ሰፈሩን ጉንፋን የያዘው መሰለኝ። «እማዬስ?» ስል አክስቴ፣ «ሩቅ ቦታ ወስደዋታል፤ እዚያ ጥሩ ሕክምና አለ» አለችኝ። «ስልክ አይገባም?» «አይገባም ልጄ።» አባቴን አየሁት። ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬቱን ያያል። በኋላ እንደነገረኝ፣ ነገ እነግራታለሁ ብሎ ነበር የጀመረው። በማግስቱም ነገ አለ። እንዲህ እያለ ሙቀቱ አለፈ፣ ብርዱም ገባ።

እኔ ሥራ ነበረኝ፤ ለእናቴ የምነግራት ነገር ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን ሳልይዝ ጓሮ እወጣና፣ «እንዴት አደርክ ሽማግሌው?» እለዋለሁ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰካለሁ። ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሌሎቹ ዛፎች ሲደርቁ እሱ አይደርቅም። ውሃ የማያስቸግር ጨዋ ሆኖ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባቴም ከሱቅ ሲመለስ ማጠጫውን ይዞ ይወጣል፤ ለሽማግሌው ግን ጥቂት ብቻ ያንጠባጥብለታል። አረንጓዴ ነበር። ብርዱን ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አሳለፈ።

ዛሬ እኔም በረንዳዬ ላይ ጥቂት መርፌ ጥዶች አሉኝ፤ እንደ እናቴ እጀ ብልህ አይደለሁም። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ዛፍ መጠጣት ያቆመ ዛፍ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ጥድ ሲባል ደግሞ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሥሩ ከሞተ በኋላ መርፌዎቹ ለወራት አረንጓዴ ሆነው ይቆያሉ። ወሬው ከሥር ተነስቶ እነሱ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ሲወጣ ያበራሉ፣ የነካቸውን ይወጋሉ፣ እንደማንኛውም መርፌ ይኖራሉ። እኔም ያኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ጋሽ ሸክላ ብርዱ መሃል ላይ አንድ ቀን መጡ። ቤት ሳይገቡ ቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደው ጎንበስ አሉና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቡናማውን ቅርፊት ትንሽ ፋቅ አደረጉት። ከአባቴ ጋር ሆነው የፋቁትን ቦታ አዩት። ከዚያ ጋሽ ሸክላ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አባቴ እጃቸውን ያዝ አደረገና በዓይኑ ወደ እኔ አመለከታቸው።

ደሜ ፈላ። «አይንኩት! የእማዬ ነው! ሊያበላሹት ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ እንዲያ መጮህ እኛ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም። አባቴ ግን አልተቆጣኝም።

ጋሽ ሸክላ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተው፣ «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉኝ። ሲሄዱ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ መሆን የነበረበት ቡናማ ሆኖ ማየታቸውን ያኔ ከየት አውቄ።

ከዚያ ብርዱ ወጣ። በጓሮው ያሉት ጥዶች ሁሉ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ለስላሳ ቡቃያ ማውጣት ጀመሩ። እኔ ሌሎቹን አላይም። በየቀኑ ሽማግሌው ላይ ተደፍቼ እፈልጋለሁ። ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ ብሏል፤ አቧራ ይሆናል ብዬ በውሃ አጠብኩት። ነገ ያወጣል እላለሁ፤ አባቴም ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ነገ ይሆናል» ይለኛል።

አንድ ጠዋት አቧራውን ላራግፍለት ብዬ ቅርንጫፉን በእጄ ዳበስኩት። አልወጋኝም። እንደገና ጨበጥ አድርጌ ዳበስኩት፤ መርፌዎቹ ኮሽ ብለው እጄ ላይ ረገፉ፤ ቅርንጫፉ ባዶ ቀረ። ሌላውን ነካሁ፤ ያም እንዲሁ። ያ ሁሉ ጊዜ ስንፈራው የነበረ መርፌ አንዱም አልወጋኝም።

የረገፈውን በጭብጤ ይዤ ሮጥኩ። አባቴ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየቀረጸ ነበር፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ አንዲት ሴት ደጅ ቆማ ትጠብቃለች።

«አባዬ፣ ሞቷል!» አልኩት።

ማሽኑን አጠፋው። «ምን አልሽ?»

«ሽማግሌው ሞቷል። አየህ?» መዳፌን ከፍቼ አሳየሁት።

አባቴ መርፌዎቹን አያቸው። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የመቀመጫውን ጫፍ በእጁ ፈልጎ ተቀመጠና አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ድምፅ አውጥቶ፣ የብረት ብናኝ በሞላው እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሴትየዋ ቁልፏን ሳትጠይቅ ቀስ ብላ ሄደች።

እኔ ወዲያው ገባኝ። እናቴን ፈርቶ ነው። አደራ ያለችውን ዛፍ ሳይጠብቅላት ቀርቶ፣ ስትመጣ ምን ልበላት ብሎ ነው። አንጀቴን በላው። ጎኑ ሄጄ በነጻው እጄ አንገቱን አቀፍኩት።

«አይዞህ አባዬ» አልኩት። «ያንተ ጥፋት አይደለም። ሁልጊዜ ስናጠጣው ነበር እኮ።»

ትከሻውን መታ መታ አደረግኩለት።

«እነግርሻለሁ ብያት ነበር። ግን እስኪሻላት ድረስ አንነግራትም። ትንሽ ትቆይ። እንዳትደነግጥ ቀስ ብለን ነው የምንነግራት።»

አባቴ እጁን ከፊቱ አነሳ። መርፌዎቹን የጨበጠውን እጄን አየ። «አዎ» አለ በመጨረሻ፣ «ቀስ ብለን ነው የሚነገረው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።»

ተነስቶ የሱቁን መዝጊያ አወረደ። እጄን ያዘኝና ወጣን። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በግራ በኩል ነው፤ እሱ ግን ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«የት ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«እማዬ ጋ።»

ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ቀረብ ያለ ቦታ አምጥተዋታል ማለት ነው አልኩ። ከዚያ በጭብጤ የያዝኩት ትዝ አለኝና፣ እንዳታይብን ብዬ፣ አባቴ ሳያየኝ መርፌዎቹን መንገድ ላይ ጣልኳቸው።